የድምፅ መሣሪያ ፈርምዌር ሲቀይሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ማሲንቆ ላይ የተገጠመ የድምፅ ማንሻ ሳጥን፣ ለክራር የሚሆን የማስተጋቢያ ፔዳል፣ ሰሜን ተራሮች ገደል አፋፍ ላይ የጭላዳን ድምፅ ቀን ከሌት የሚቀዳ ከመዳፍ የማይበልጥ መቅረጫ። ጎንደር ተቀምጦ በክፍት ምንጭ የድምፅ መሣሪያ የሚሠራ ሰው እጅ ላይ ሊገኙ የሚችሉት እንዲህ ያሉት ናቸው። የሚያሠራቸው ኮድ፣ ማለትም ፈርምዌራቸው፣ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ስህተታቸውን ማረምም፣ ያልነበራቸውን ነገር መጨመርም ይቻላል። አዲስ እትም በወጣ ቁጥር ግን ጤነኛ የነበረው መሣሪያ ታሞ እንዳይነሳ መጠንቀቅ የባለቤቱ ሥራ ነው።

ብዙ ሰው ኮምፒውተሩ «ተሳክቷል» ሲል ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ያኔ ያለቀው ፋይሉን መጻፍ ብቻ ነው። ሥራው የሚያልቀው አሮጌውና አዲሱ ፈርምዌር በአንድ ዓይነት ድምፅ ተፈትነው ልዩነታቸው ሲታወቅ ነው። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ይህንን ከመዘንጋት የሚመጡ ናቸው። ምሳሌዎቹ በብዛት ዴዚ ሲድ በተባለው ቦርድ ላይ ናቸው። በ480 ሜጋ ሄርዝ የሚሠራ ኤስቲኤም32 ቺፕ ያለው፣ ከጣት ብዙም የማይበልጥ ቦርድ ነው። ቲንዚ የተባለው ሌላ ቦርድና ኦዲዮሞዝ የተባለው የዱር ድምፅ መቅረጫም በየቦታቸው ይነሳሉ።

መመለሻ ሳይዙ መጀመር

«አሮጌው ፋይል ኢንተርኔት ላይ አለ» ብሎ መተማመን ያሳስታል። መሣሪያው ላይ ያለው የትኛው እትም እንደሆነ፣ ማን ምን እንደቀየረበት ብዙ ጊዜ አይታወቅም። ስለዚህ መጀመሪያ ያለውን አንብበው ያስቀምጡ። ዴዚ ሲድ ላይ «ቡት» የሚለውን ቁልፍ ተጭነው ይያዙ፤ «ሪሴት»ን አንዴ ነክተው ይልቀቁ፤ ከዚያ «ቡት»ን ይልቀቁ። ቦርዱ አሁን በዲኤፍዩ ሁኔታ፣ ማለትም በዩኤስቢ ፈርምዌር በሚነበብበትና በሚጻፍበት ሁኔታ ላይ ነው። ዲኤፍዩ ዩቲል በተባለው ፕሮግራም ከሄክሳዴሲማል አድራሻ 08000000 ጀምሮ 131,072 ባይት ያንብቡ። ይህ 128 ኪሎ ባይት ማለት ነው፤ ውስጠኛው ፍላሽ (ፕሮግራሙ የሚቀመጥበት ማኅደረ ትውስታ) በሙሉ። የወጣው ፋይል መጠን በትክክል 131,072 መሆኑን ይዩ፤ ከዚያ መልሰው ይጫኑትና መሣሪያው እንደ በፊቱ መሥራቱን ያረጋግጡ። አዲሱን የሚነኩት ከዚህ በኋላ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ነባሩ ፕሮግራም የተጫነው በዴዚ ቡትሎደር (ዋናውን ፕሮግራም በሚያስነሳው ትንሽ ፕሮግራም) በኩል ከሆነ፣ ከ08000000 ላይ የሚያነቡት ቡትሎደሩን ብቻ ነው። ፕሮግራሙ ራሱ ያለው በውጪው ፍላሽ፣ ከ90040000 ጀምሮ ነው። ባክአፕ ያዙ መስሎዎት ባዶ እጅዎን የሚቀሩት እዚህ ላይ ነው።

መሣሪያውን «ገደልኩት» ብሎ መደንገጥ ግን አያስፈልግም። የኤስቲኤም32 ዲኤፍዩ ፋብሪካው ቺፑ ውስጥ ያስቀመጠው ስለሆነ በፈርምዌር ስህተት አይጠፋም። መጻፉ መሃል ላይ ቢቋረጥ ሁለቱን ቁልፎች ተጭኖ እንደገና መጀመር ይበቃል። ቲንዚ 4 ደግሞ ቁልፉ 15 ሰከንድ ያህል ተጭኖ ሲያዝ መብራት ብልጭ ድርግም ወደሚያደርገው የፋብሪካ ፕሮግራም ይመለሳል። በእውነት መመለሻ የሌለው ነገር አንድ ነው፦ የኤስቲኤም32 የንባብ መከላከያ ደረጃ 2። ይህን የሚያበራ ቅንብር ውስጥ በጭራሽ እጅዎን አያስገቡ፤ አንዴ ከበራ ቺፑ ዳግመኛ አይከፈትም።

ገመዱንና መብራቱን መናቅ

«ኮምፒውተሩ ቦርዱን አያየውም» የሚል ችግር ሲመጣ ከሶፍትዌሩ በፊት ገመዱን ይጠርጥሩ። ፒያሳ ካሉት የሞባይል ሱቆች በርካሽ የሚገዛ የዩኤስቢ ገመድ ብዙ ጊዜ ኃይል የሚያስተላልፉት ሁለት ሽቦዎች ብቻ ናቸው ያሉት። ቦርዱ ላይ መብራት ይበራል፤ ዳታ ግን አያልፍም። መሞከሪያው ቀላል ነው፦ በዚያው ገመድ ስልክ ከኮምፒውተር ጋር ያገናኙ፤ ፋይሎቹ ካልታዩ ገመዱ ለቻርጅ ብቻ ነው። ዳታ ማሳለፉን ያረጋገጡበትን ገመድ ቀለም ያለው ፕላስተር ጠቅልለው ለዚህ ሥራ ብቻ ያቆዩት።

መብራት በሚመጣበትና በሚሄድበት ከተማ ዴስክቶፕ ላይ ፈርምዌር መጻፍ አይመከርም። ባትሪው ከግማሽ በላይ የሞላ ላፕቶፕ ይጠቀሙ፤ ቻርጀሩን ነቅለው ይሥሩ። ቻርጀሩን መንቀል ሌላም ጥቅም አለው፤ ወደ በኋላ እንመለስበታለን። ፋይሎቹን፣ ድራይቨሩንና መመሪያውን አስቀድመው ያውርዱ። ከብራውዘር የሚጭነው ገጽ በክሮም ወይም በኤጅ እንጂ በፋየርፎክስ አይሠራም። ዊንዶውስ ላይ ቦርዱ ታይቶ የማይጻፍ ከሆነ ዛዲግ በተባለው መሣሪያ ዊን ዩኤስቢ ድራይቨር መጫን ያስፈልጋል።

የቦርዱን ትውልድ ሳያዩ ፋይል መጫን

ሁለት ዴዚ ሲድ ጎን ለጎን ቢቀመጡ አንድ ይመስላሉ። የመጀመሪያው ትውልድ የድምፅ ኮዴክ (ድምፅን ወደ ዲጂታል፣ ዲጂታሉንም መልሶ ወደ ድምፅ የሚቀይረው ቺፕ) ኤኬ4556 ነው፤ 1.1 የሚባለው ደግሞ ደብሊውኤም8731። የቦርዱ ላይብረሪ (ፕሮግራሞች የሚገነቡበት ዝግጁ ኮድ) አዲሱን ኮዴክ ማወቅ ከመጀመሩ በፊት የተዘጋጀ ፋይል 1.1 ላይ ሲጫን መብራቱ ያበራል፣ ቁልፎቹ ይሠራሉ፣ ድምፅ ግን የለም። ሰው መሸጫውን ሲፈታ፣ ጃኩን ሲቀይር ይውላል፤ የጠፋው ግን ከኮዴኩ ጋር የሚነጋገር ኮድ ነው። መፍትሔው ፕሮግራሙን በአዲስ ላይብረሪ እንደገና ማጠናቀር (ኮምፓይል ማድረግ) ነው። ኮዴኩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር በስልክ ካሜራ አጉልተው ያንብቡና ማስታወሻዎ ላይ ይመዝግቡት።

ራስዎ የሚያጠናቅሩ ከሆነ ደግሞ፣ ዋናውን ኮድ ጎትቶ ንዑስ ላይብረሪዎቹን ሳያድሱ መቅረት የተለመደ ጥፋት ነው። ሁሉንም ያድሱ፣ የቆየውን ውጤት አጽድተው ላይብረሪዎቹን ከመጀመሪያው ይገንቡ። አዲስ ኮድ ከአሮጌ ላይብረሪ ጋር ሲጋባ የሚወጣው ጥፋት መልክ የለውም።

መልእክቱን በትክክል አለማንበብ

ዴዚ ላይ መጻፉ ሲያልቅ «ስህተት 74» የሚል ብዙ ጊዜ ይመጣል። ከሱ በላይ «ፋይሉ በተሳካ ሁኔታ ወርዷል» የሚል ካለ ምንም አልሆነም፤ ቦርዱ አዲሱን ፕሮግራም ለማስነሳት ከዩኤስቢ ስለወጣ ኮምፒውተሩ መልስ አጥቶ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው አምስትና ስድስት ጊዜ ይጽፋል። በተቃራኒው ደግሞ ሁሉም ነገር ያለ ስህተት አልቆ ፕሮግራሙ የማይነሳበት ጊዜ አለ። ባይነሪ ፋይል የት እንደሚቀመጥ በራሱ አያውቅም፤ አድራሻውን የሚሰጡት እርስዎ ነዎት። ለቡትሎደር የተዘጋጀውን 08000000 ላይ ከጻፉት ቦርዱ ዝም ይላል።

ናሙና ፍጥነትን መዘንጋት

ናሙና ፍጥነት መሣሪያው ድምፁን በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚለካ የሚናገር ቁጥር ነው። ይህ ረጋ ተብሎ መታየት አለበት፤ ጆሮን የሚያታልል ስህተት ነውና። ቲንዚ ከድምፅ ላይብረሪው ጋር በ44.1 ኪሎ ሄርዝ ይሠራል፤ ዴዚ ብዙ ጊዜ በ48። ከአንዱ የመጣ ኮድ ፍጥነቱን በቁጥር ጽፎ ከሆነና ወደ ሌላው ሲዛወር ካልታረመ፣ በመሣሪያው አልፎ የሚሄደው የማሲንቆ ድምፅ ከፍታው አይለወጥም። መግቢያውም መውጫውም በአንድ የናሙና ፍጥነት ስለሚሄዱ ነው። ስለዚህ የሚሰማው ሰው «ደህና ነው» ይላል። የሚለወጠው መሣሪያው ራሱ የሚፈጥረው ነገር ነው፦ የማስተጋቢያው ርቀት፣ የማጣሪያው ነጥብ፣ መቃኛው፣ ከሥር የሚዘረጋው ድምፅ።

በቁጥር ሲታይ፣ ኮዱ 48 ብሎ አስቦ ሃርድዌሩ በ44.1 ከሄደ፣ 440 ሄርዝ እንዲያወጣ የታዘዘው 404 ሄርዝ ገደማ ያወጣል። አንድ ተኩል ያህል ግማሽ ድምፅ ዝቅ ማለት ነው። ክራር በዚህ ተቃኝቶ ባቲ ሲመታ ብቻውን ያምራል፤ ኪቦርድ ሲገባ ግን ቅኝቱ ይለያያል፣ ጥፋቱም በክራር መቺው ላይ ይላከካል። ከቅየራ በኋላ መሣሪያው ራሱ 440 እንዲያወጣ አድርገው በስልክ መቃኛ መለካት አንድ ደቂቃ አይወስድም።

«ድምፅ ወጣ» ብሎ ፈተናን መጨረስ

ሰው አንድ ዘፈን ያስገባል፣ ይሰማል፣ ይዘጋል። የተደባለቀ ዘፈን ግን ብዙ ጥፋት ይደብቃል። ፈተናው አጫጭር፣ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት የሆኑ ድምፆች ያስፈልጉታል። አንድ ጊዜ ተዘጋጅተው በ24 ቢት ዌቭ ፋይል ይቀመጣሉ፤ ከዚያ በአሮጌው ፈርምዌርም በአዲሱም በዚያው የድምፅ መጠን፣ በዚያው ገመድ ያልፋሉ። ውጤታቸው ኦዳሲቲ በተባለው የድምፅ መቅረጫ ፕሮግራም ይቀዳል።

መጀመሪያ 30 ሰከንድ ዝምታ፤ የጀርባ ጩኸቱን ለመለካት። ቀጥሎ ከሙሉ መጠን በ12 ዴሲቤል ዝቅ ያለ የ1000 ሄርዝ ቀጥ ያለ ድምፅ፤ ቀጥሎም ከ20 እስከ 20,000 ሄርዝ የሚወጣ ድምፅ። እነዚህን ኦዳሲቲ ራሱ ይሠራል። ለቀሪው ከተማው ራሱ ከበቂ በላይ ይሰጣል፦ ከበሮ፣ ጸናጽልና ማሲንቆ። ሦስቱ የሚያጋልጡት ጥፋት ይለያያል።

የከበሮ ምት ድንገተኛ ጫፍ አለው። አዲሱ ፈርምዌር የመግቢያውን መጠን ከፍ አድርጎ ከሆነ የሞገዱ ራስ እንደ ተቆረጠ ጠፍጣፋ ሆኖ ይታያል። በጆሮ ብቻ ይህ «ከበሮው ደመቀ» ተብሎ ሊታለፍ ይችላል፤ ሞገዱን አጉልተው ካዩት ግን አያመልጥም።

ጸናጽል ከፍተኛ ድግግሞሹ ብዙ ነው፤ ስለዚህ የመታጠፍ ጥፋትን ያወጣል። በ48 ኪሎ ሄርዝ የሚሠራ መሣሪያ ከ24 በላይ ያለውን መያዝ ስለማይችል፣ የማጉበጫ (ዲስቶርሽን) ኤፌክት የፈጠራቸው ላይኞቹ ድምፆች ታጥፈው ወደ ታች ይመጣሉ። 10 ኪሎ ሄርዝ ላይ ያለ ድምፅ አምስተኛ እጥፉ 50 ነው፤ እሱ ታጥፎ 2 ኪሎ ሄርዝ ላይ ይወድቃል። ጆሮ በደንብ የሚሰማበት ቦታ ነው። በጸናጽል ሥር ከዜማው ጋር የማይሄድ የሚጮህ ነገር ከሰሙ፣ አዲሱ እትም ኤፌክቱን ያለ በቂ ማጣሪያ ሠርቶት ይሆናል።

ማሲንቆ ከሁሉም ይበልጣል። ደጋኑን ሳያቋርጡ ረዘም አድርገው የሳቡት አንድ ድምፅ ውስጥ አንድ ሚሊ ሰከንድ ቢጎድል ቀጭ ይላል፤ ወዲያው ይሰማል። በከበሮ ውስጥ ግን ያው ጉድለት በምቱ ተውጦ ይቀራል። አሥር ደቂቃ የተዘረጋ ድምፅ አሳልፈው በስፔክትሮግራም (የድምፁን ድግግሞሾች በጊዜ ሂደት በሚያሳይ ሥዕል) ያዩት፤ እያንዳንዱ ጉድለት ከታች እስከ ላይ የቆመ ቀጭን መስመር ሆኖ ይታያል።

ሁለቱን ቅጂዎች ለማነጻጸር በመጠን ያስተካክሏቸው፣ መነሻቸውን ያገናኙ፣ አንዱን ገልብጠው ይደምሩ። የሚቀረው ልዩነታቸው ነው። ፍጹም ዝምታ አይጠብቁ፤ ከአናሎግ ወደ ዲጂታል ሲቀየሩ የናሙናዎቹ ቦታ በጥቂቱ ይዛነፋል። የቀረው ግን ፉጨት ወይም ዜማ ከሆነ መጣራት አለበት።

መዘግየቱንም ይለኩ። አንድ አጭር ጠቅታ በአንድ ቻናል በቀጥታ፣ በሌላው በመሣሪያው በኩል ይቅዱና በመካከላቸው ያሉትን ናሙናዎች ይቁጠሩ። በ48 ኪሎ ሄርዝ 96 ናሙና 2 ሚሊ ሰከንድ ነው። አሮጌው በዚህ አካባቢ የነበረ ከሆነና አዲሱ ከ500 በላይ ካሳየ፣ ፕሮግራመሩ የብሎኩን መጠን (በአንድ ጊዜ የሚሰሉትን ናሙናዎች ብዛት) ለምሳሌ ከ48 ወደ 256 አሳድጎት ሊሆን ይችላል። ማሲንቆ እየመታ የሚዘፍን አዝማሪ ከ10 ሚሊ ሰከንድ በላይ ያለውን ልዩነት እጁ ላይ ሊያውቀው ይችላል፤ ስም ባያወጣለትም «ከበደኝ» ይላል።

ይህን ሁሉ ሲያደርጉ መጀመሪያ መውጫው ከአምፕሊፋየር ጋር አይገናኝ፤ የጆሮ ማዳመጫም ጆሮ ላይ አይሁን። ያልተፈተነ ፈርምዌር በሙሉ መጠን ሊጮህ ይችላል። መጀመሪያ በኮምፒውተሩ መለኪያ ላይ በዓይን ይዩት።

ለፉጨት ሁሉ ፈርምዌሩን መክሰስ

አዲስ ፈርምዌር ተጭኖ ቀጭን ፉጨት ከተሰማ ድግግሞሹን ይለኩ። በትክክል 1000 ሄርዝና እጥፎቹ ላይ ከሆነ ምንጩ ይታወቃል። ዴዚ በ48 ኪሎ ሄርዝ በ48 ናሙና ብሎክ ሲሠራ ፕሮሰሰሩ በሰከንድ 1000 ጊዜ ይነሳና ያርፋል፤ የሚስበው ኃይል አብሮ ይወጣል ይወርዳል፤ ያ በኃይል መስመሩ በኩል ድምፁ ውስጥ ይገባል። ብሎኩን ወደ 96 ሲያሳድጉት ፉጨቱ ወደ 500 ሄርዝ ከወረደ ጉዳዩ የኃይል አቅርቦትና የመሬት መስመር ነው። በጥሩ የተለየ ኃይል ምንጭ፣ በአጭር የመሬት ሽቦ ይስተካከላል። ጩኸቱ 50 ሄርዝና 100 ሄርዝ ላይ ከሆነ ደግሞ ከ220 ቮልቱ መስመር የመጣ ነው። የላፕቶፑን ቻርጀር መንቀል ያልነው ለዚህም ነው፤ ሲነቀል ከጠፋ ምክንያቱን አገኙት።

እዚህ ላይ የሚያበላሸው ፈርምዌሩን፣ ገመዱንና አዳፕተሩን በአንድ ቀን መቀየር ነው። ከዚያ በኋላ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ማንም አይለየውም።

የፕሮሰሰሩን ጫና በእርጋታ ጊዜ መለካት

48 ናሙና በ48 ኪሎ ሄርዝ አንድ ሚሊ ሰከንድ ነው፤ በ480 ሜጋ ሄርዝ 480,000 ምት ይሰጣል። በዚህ ውስጥ ያላለቀ ስሌት ድምፅ ይቆርጣል። ጫናውን ሲለኩ አማካዩን ሳይሆን ከፍተኛውን ይዩ፤ ሁሉም ኤፌክት በርቶ፣ ሁለት ሰው ቁልፎቹን እያዞረ። ከፍተኛው 80 ከመቶ ካለፈ ለመድረክ አይውሰዱት። ቲንዚ ላይ ለድምፅ ብሎኮች የተመደበው ማኅደረ ትውስታም ይታይ፤ ሲያልቅ ድምፁ ይቆራረጣል ወይም ይጠፋል፣ የስህተት መልእክት ግን አይሰጥም።

የቆዩ ቅንብሮችን ሳያስቡ መተው

አዲሱ እትም አንድ ቅንብር በመሃል ከጨመረ፣ አሮጌው የተቀመጠው ዳታ በአዲሱ ሲነበብ ቁጥሮቹ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ የማስተጋቢያው መጠን የነበረው ቁጥር የግብረ መልስ (ፊድባክ) መጠን ሆኖ መሣሪያው መጮህ ይጀምራል። ቅንብሮቹን ወረቀት ላይ ይጻፉ፤ ከቅየራው በኋላ ያጽዱና እንደገና ያስገቡ።

በድምፅ ፋይል የሚታደሱትን እንደ ዘፈን ማየት

የሚዩተብል ኢንስትሩመንትስ የሲንተሳይዘር ሞጁሎችና ከእነሱ የተቀዱት ብዙዎቹ የሚታደሱት በዌቭ ፋይል ነው፤ ፋይሉ ሲጫወት የሚሰማው ጩኸት ራሱ ዳታው ነው። ወደ ኤምፒ3 ከተቀየረ አይሠራም። በቴሌግራም ሲላላኩ እንደ ፋይል ይላኩት፤ በድምፅ መልእክት የተቀዳ አይረባም። ስልኩን ከአውታረ መረብ ውጪ ያድርጉ፣ ኢኳላይዘሩን ያጥፉ፤ በመሃል የገባ አንድ ማሳወቂያ ሁሉንም ከመጀመሪያ ያስጀምራል።

የሰዓት አቆጣጠርን መርሳት

ኦዲዮሞዝ የፋይሉን ስም ከቀንና ከሰዓት ይሠራል፤ ካልቀየሩት በስተቀር በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። 20250119_030000 የሚል ፋይል ሲያዩ ከሌሊቱ ዘጠኝ ወይም ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ይመስላል። ሦስት ሰዓት ሲጨመርበት ግን በፈረንጆቹ 6፡00፣ በእኛ ጥር 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው። ጭላዳ ከገደሉ የሚወጣበትን ሰዓት የሚያጠና ሰው ይህን ካልለየ መዝገቡ ሁሉ ይዛባል። ፈርምዌር ከቀየሩ ወይም ባትሪ ካወጡ በኋላ ሰዓቱንና ቅንብሩን እንደገና ይላኩ፤ ወደ ደባርቅ ከመጓዝዎ በፊት ቤት ውስጥ ሙሉ ሌሊት ያስቀዱት።

ካርዱንም በዚያው ይፈትሹ። በ48 ኪሎ ሄርዝ፣ በ16 ቢት፣ በአንድ ቻናል አንድ ሰዓት 345.6 ሜጋ ባይት ይወስዳል፤ 32 ጊጋ ባይት ካርድ 92 ሰዓት ያህል ይይዛል። ላዩ ላይ 32 የተጻፈበት፣ ውስጡ ግን 8 የሆነ አስመሳይ ካርድ ገበያ ላይ አለ፤ ኤፍ3 ወይም ኤች2ቴስት በተባሉት ፕሮግራሞች ሙሉ በሙሉ ተጽፎበት መነበብ አለበት። ለተራራው ብርድ ሦስቱ ባትሪዎች ሊቲየም ቢሆኑ ይሻላል።

በከተራ ዋዜማ መቀየር

ለጥምቀት ሰሞን፣ ለሠርግ ወይም ለቀጠሮ ሥራ የተዘጋጀን መሣሪያ በመጨረሻው ሳምንት አይንኩ። በዚያ ሰሞን አንድ ምሽት የቀረ አዝማሪ የሚያጣው የዓመቱን ትልቅ ገበያ ነው። ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት ይቀይሩ፤ ባክአፑን፣ ዳታ የሚያልፈውን ገመድና ላፕቶፑን ሥራው ቦታ ይዘው ይሂዱ።

«አይሠራም» ብቻ ብሎ ማመልከት

ጥፋት ካገኙ ኮዱ በሚቀመጥበት ድረ ገጽ፣ ጊትሀብ ላይ ይጻፉ፤ ኮዱን የጻፈው ሰው ግን ቦርድዎን አያይም። የቦርዱን ትውልድና ኮዴክ፣ የአሮጌውንና የአዲሱን እትም ቁጥር፣ የናሙና ፍጥነቱን፣ የብሎኩን መጠን፣ ያስገቡትን ድምፅና የቀዱትን አሥር ሰከንድ ያያይዙ። አሮጌው ላይ ሲመልሱት ጥፋቱ መጥፋት አለመጥፋቱንም ይጨምሩ።